ሁለት ነሐስ፣ አንድ 1936

(በጋፋት ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለት ሳንቲሞች ነው። ሁለቱም ነሐስ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ 1936 የሚል ዓመት ተቀርጿል። አንዱ ቁጥሩን በፈረንጅ አኃዝ፣ ሌላው በግዕዝ ፲፱፻፴፮ ብሎ ጽፎታል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ በመካከላቸው የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የኢጣሊያ ወረራ፣ ስደቱ፣ አርበኝነቱ፣ ድሉና ከድሉም በኋላ ከረዳቶቻችን ጋር የገባንበት ሙግት ሁሉ የሚወድቀው በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ 10 ሳንቲም ይባላል። ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን መካከሉ ክብ ቀዳዳ ነው። በአንዱ ፊት ዘውድ አለ፤ ዙሪያውን በላቲን ቋንቋ የንጉሡ ስምና ማዕረግ ተጽፏል። በሌላው ፊት ሁለት የዝሆን ጥርሶች ቀዳዳውን ከግራና ከቀኝ አቅፈውታል። የንጉሥ መልክ የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ አፍንጫው ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ ተበስቷልና።

ሁለተኛው የእኛ 10 ሳንቲም ነው። በአንድ ፊቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል አለ፤ ዘውድ አልደፉም። በሌላው ፊቱ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። ዕድሜያችሁ ከ60 ያለፈ ሁሉ ይህን ሳንቲም በእጃችሁ ይዛችሁታል። በቡሄ ደጅ ለደጅ ስትዞሩ ከሙልሙሉ ጋር ያገኛችሁትም ትኖራላችሁ።

ስለ ነሐስ ለጋፋት ሰው መናገር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። አጼ ቴዎድሮስ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የመጡትን ባለ እጅ ሚሲዮናውያን ያሰፈሩት እዚህ ነው። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሆል፣ ጠመንጃ ሠሪው ፈረንሳዊ ቡርጎ፣ ሁሉም የዚህን ኮረብታ አፈር ረግጠዋል። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡት መድፍ አቅላጭ ሆነው ቀሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ ሴባስቶፖል በ1867 እ.ኤ.አ. እዚህ ፈሰሰ፤ ለእርሱ ማለፊያ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ትከሻና ክንድ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ልለፍ።

መዳብ ብቻውን ለስላሳ ነው። ቲን የሚባለው ነጭ ማዕድን ሲገባበት ይጠነክራል፤ ሲቀልጥም በቅርጹ ውስጥ ደህና አድርጎ ይፈሳል። ለመድፍ የሚያስፈልገው ይኸው ጠባይ ነው፤ ለሳንቲምም ጥንካሬው ይጠቅማል። ጋፋት ላይ እቶኑ ከመቀጣጠሉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1860 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዞች ከ1797 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመዳብ ይሠሩት የነበረውን ፔኒ ወደ ነሐስ ለወጡ። ድብልቁ ከመቶ 95 መዳብ፣ 4 ቲን፣ 1 ዚንክ ነበር። የእንግሊዝ ግዛት በሰፋበት ሁሉ የነሐስ ሳንቲም ተከትሎ ሄዷል፤ ናይሮቢም፣ ፕሪቶሪያም፣ በኋላም ሌጎስ።

ኢትዮጵያ ግን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አልነበረችም። ታዲያ የቅኝ ግዛቱ ነሐስ ወደዚህ አገር እንዴት ገባ? የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው።

መጀመሪያ ያልገባበትን ጊዜ እንይ። በ1868 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ወደ መቅደላ ሲመጣ የንግሥት ቪክቶሪያን ሳንቲም ይዞ አልመጣም። ይዞ ቢመጣ ኖሮ ጭድም አይገዛበትም ነበር። የትግሬም፣ የላስታም፣ የበጌምድርም ገበሬ የሚቀበለው ማርትሬዛን ብቻ ነበር፤ ያችን በ1780 እ.ኤ.አ. የሞተችው የኦስትሪያ እቴጌ መልክ ያለባትን ጠገራ ብር። እርሷንም ቢሆን የትከሻ ፈርጧን፣ የራስ ጌጧን ዕንቁ እየቆጠረ፣ የደበዘዘውን እየመለሰ ነው የሚቀበላት። ስለዚህ የዓለም ኃያል መንግሥት ቪየና ድረስ ልኮ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ብር ለጦርነቱ አሳተመ። በእኔ እምነት፣ ያ ዘመቻ ሲተረክ ይህ ነጥብ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። እንግሊዝ ንጉሡን ልታሸንፍ ችላለች፤ የገበያውን ሰው ግን በራሱ ገንዘብ መክፈል ግድ ሆኖባታል።

ከዚያ በኋላ 73 ዓመት አለፈ። በመካከሉ ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር አስመቱ፤ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት ነው። ከብሩ ቀጥሎ አላድ፣ ሩብና መሐለቅ መጡ፤ የመዳብ ቤሳም ተከተለ። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ መቶኛ የሚባሉት ወጡ፤ 1 እና 5 መቶኛው መዳብ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኒኬል ነበሩ። ነገር ግን የገጠሩ ገበያ ከማርትሬዛ በቀላሉ አልተላቀቀም፤ ለዝርዝርም አሞሌ ጨውና የጠመንጃ ጥይት ያገለግሉ ነበር። ስለ ምኒልክ ገንዘብ ሌላ ጊዜ ብንነጋገር ይሻላል፤ የራሱ ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ቀዳዳው ሳንቲም ልመለስ። እንግሊዞች በ1919 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ የሚባል አቋቋሙ። ገንዘቡ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ ነው፤ ቦርዱ የተቀመጠው ግን ለንደን ላይ ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የሕንድ ሩፒ ቀርቶ ለአጭር ጊዜ ፍሎሪን ሞከሩ፤ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽልንግ ጸና። 1 ሽልንግ 100 ሳንቲም ነው። 1፣ 5 እና 10 ሳንቲሞች የነሐስ ባለ ቀዳዳ ሆኑ።

ለምን ቀዳዳ? ምክንያቱ ብዙ ነው። ብረት ይቆጥባል፤ በጨለማ በጣት ዳስሶ ለመለየት ያመቻል፤ ከሁሉም በላይ ኪስ የሌለው ሰው በገመድ ሰክቶ ይይዘዋል። ነሐስ ከመምረጣቸው በፊት በ1907 እ.ኤ.አ. በአሉሚኒየም ሞክረው ነበር፤ ሙቀትና እርጥበት እየበላው ስላስቸገረ ቶሎ ተዉት። የአሉሚኒየሙን ሳንቲም ዛሬ ሰብሳቢዎች በደህና ሁኔታ ሲያገኙት ይደሰታሉ፤ ያኔ ግን የያዘው ሁሉ ያማረረው ገንዘብ ነው።

በሳንቲሞቹ ላይ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ይገኛሉ። እነርሱን ማንበብ የሰብሳቢ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ኤች ካለ በርሚንግሃም ውስጥ ሂተን በሚባል ፋብሪካ የተመታ ነው። ኬ ኤን ካለ ኪንግስ ኖርተን ነው፤ እርሱም እዚያው በርሚንግሃም ነው። ፊደል ከሌለው የለንደኑ የንጉሥ ማተሚያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ሁለት አዲስ ምልክቶች ብቅ አሉ፦ አይ የቦምቤይ፣ ኤስ ኤ የፕሪቶሪያ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባሕሩ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተሞልቶ ሳለ ከእንግሊዝ ሳንቲም ጭኖ ሞምባሳ ማድረስ አደጋ ስለነበረው ቅርብ ካለው ማተሚያ አስመቱ። የቦምቤዩን ምልክት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ለጎንደር ጉዳይ ይጠቅመናል።

የያዝኩት 1936 ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ስሙን ስታነቡት ኤድዋርድ ስምንተኛ ይላል። ይህ ንጉሥ ከጥር እስከ ታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ብቻ ነግሦ፣ ሁለት ጊዜ የተፋታች አሜሪካዊት ለማግባት ሲል ዙፋኑን የለቀቀው ነው። በእንግሊዝ አገር መልኩ ያለበት ሳንቲም ለሕዝብ ሳይሠራጭ ቀረ። ለምሥራቅ አፍሪካ የተመታው ግን መልክ ስለማያስፈልገው፣ ስም ብቻ ስለሆነ፣ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። እንግሊዝ አገር ያልተገኘ ንጉሥ ናይሮቢ ገበያ ላይ ሽንኩርት ይገዛበት ነበር ማለት ነው። ያው ዓመት የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት፣ ጃንሆይም በስደት ለንደን የደረሱበት ዓመት መሆኑን አትርሱ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ይህ ሳንቲም ታሪኩ ብርቅ ነው እንጂ ቁጥሩ ብርቅ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመትቷል። ከአዲስ አበባ መጥቶ «ይህ የኤድዋርድ ነው፣ ዓለም ላይ ጥቂት ነው ያለው» እያለ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥላችሁ ቢመጣ አትስሙት። በተቃራኒው ከእናንተ በብላሽ ሊወስድ የሚመጣውንም ተጠንቀቁ፤ እርሱ የሚፈልገው ከዚህ ሳንቲም ጋር ተቀላቅሎ በቤታችሁ ሙዳይ ውስጥ ያለውን ሌላ ሳንቲም ነው።

አሁን ወደ ጎንደር። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ፤ ጦርነቱ ግን አላበቃም ነበር። ደብረ ታቦር ነጻ የወጣችው በክረምቱ ነው። ጎንደር የጄኔራል ናዚ ጦር የመጨረሻ ምሽግ ሆና እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆየች። ከዚያ ቀደም ብሎ ከጎንደር በስተደቡብ ቁልቋል በር ላይ የተደረገውን ውጊያ አባቶቻችሁ ያውቁታል። አርበኞቻችን በዚያ ግንባር ከማን ጋር ተሰለፉ? ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ብቻ አይደለም። ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ከሚባለው ጦር ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከኒያሳላንድ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ። የእነዚያ ወታደሮች ደመወዝ በሽልንግ ይታሰብ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበሩት ሕንዳውያን ወታደሮች ደግሞ ሩፒ ይዘው መጥተዋል።

ስለዚህ መልሱ ይኸው ነው፦ ባለ ቀዳዳው ነሐስ ወደ በጌምድር የገባው በገዥ ሳይሆን በወታደር ኪስ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ ተራ ማስታወሻ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ግን አላቆመም። የእንግሊዝ ጦር አገሪቱን «ከጠላት የተያዘ ግዛት» ብሎ ያስተዳድር ጀመር። ባርክሌስ ባንክ ጦሩን ተከትሎ ገባ። በገበያው ላይ የኢጣሊያ ሊሬ፣ ማርትሬዛ፣ ሩፒ፣ የግብፅ ገንዘብና ሽልንግ ተደባለቁ፤ ጥቃቅኑ የኢጣሊያ ገንዘብም ለዝርዝር እንዲያገለግል ተተወ። ማርትሬዛዋን ደግሞ እንግሊዞች ራሳቸው ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ላይ፣ ከ1940 ጀምሮም ቦምቤይ ላይ ያትሟት ነበር። ቪየና መለመን አላስፈለጋቸውም። በ1934 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በኢትዮጵያ ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ።

እስቲ አስቡት። ናፒየር የእኛን ምርጫ ተቀብሎ ጠገራ ብር ተሸክሞ መጣ። የልጅ ልጆቹ ግን የናይሮቢን ሳንቲም በአዲስ አበባ ሕጋዊ አደረጉት። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ማዕረግ «ንጉሥና የሕንድ ንጉሠ ነገሥት» ይላል። በአገሩ ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት አጠገብ የሌላ ንጉሠ ነገሥት ስም ያለበት ገንዘብ ቡና ይገዛበት ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ «ያልተገዛን ሕዝብ ነን፣ ይህን ማንሳት ለምን አስፈለገ?» ይላል። እኔ አልስማማም። ማፈር የሚገባን ገንዘቡ ገብቶ መቅረቱን ዝም ብለን ተቀብለነው ቢሆን ነበር።

አልተቀበልነውም። ቀጥሎ የነበረው ትግል በጥይት ሳይሆን በወረቀት ላይ ስለነበር ብዙ አይተረክም። የእንግሊዝ መንግሥት ያቀረበው ሐሳብ ለንደን ላይ የሚቀመጥ የገንዘብ ቦርድ ይኑራችሁ፣ ገንዘባችሁም ከእኛ ጋር ይታሰር የሚል ነበር፤ ለኬንያ የሰጡትን መሰል ማለት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት አሻፈረኝ አለ። በ1934 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በአዋጅ ተቋቋመ፤ መነሻ ካፒታሉ 1 ሚሊዮን ማርትሬዛ ነበር። በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ባርክሌስም በዚያው ዓመት ወጣ። የመንግሥት ባንኩ ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ሆነ። አሜሪካኖች ገቡ፤ በጦርነት ጊዜ ብድራቸውም ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር ሰጡ። ከአዲሱ ገንዘብ 50 ሳንቲሙ የተመታው ከዚያ ብር ነው።

የነሐሶቹ 1936 እዚህ ይገባል። 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሞች ፊላዴልፊያ ላይ ሲመቱ የተጻፈባቸው 1936 ዓመተ ምሕረት ነው፤ በፈረንጅ 1943 እና 1944 መካከል ያለው ዓመት። ገና ሽልንጉ በገበያው ላይ እየተዘዋወረ ሳለ፣ ገና የእንግሊዝ አማካሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ሳለ፣ በግዕዝ ፊደልና በግዕዝ ቁጥር፣ በራሳችን የዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ነሐስ በሣጥን ተዘጋጅቶ ነበር። ይፋ የሆነው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው፤ የጃንሆይ የልደት ቀን። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ።

በዚህ ተመን መሠረት የእንግሊዙ 10 ሳንቲም ከእኛ 5 ሳንቲም ጋር እኩል ሆነ። 30 ሚሊ ሜትሩ ሰፊ ነሐስ 23 ሚሊ ሜትሯን የእኛን 10 ሳንቲም በዋጋ ግማሽ ብቻ አከላት። ለገበያው ሴት ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም ብዬ እገምታለሁ። ሽልንጉም ቢሆን ስሙን ትቶልን ሄደ፤ 50 ሳንቲምን ሽልንግ የምንለው ግማሽ ብር አንድ ሽልንግ ስለነበረ ነው።

ከአዲሱ ገንዘብ ጋር አንድ አስቂኝ ችግር መጣ። 25 ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ስፋቱም ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ተቀራራቢ ነው። ብልጦች ነሐሱን ብር እየቀቡ 50 ነው እያሉ ያልፉበት ጀመር። መንግሥት ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸረከተ አዲስ 25 አወጣ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስሙኒ ያ የተሸረከተው ነው። ክቡ 25 ሳንቲም ቤታችሁ ካለ ከኤድዋርዱ ሳንቲም ይልቅ ለእርሱ ደስ ይበላችሁ። በቅባት የነጣ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ቅቡን አትፋቁት፤ ማጭበርበሩ ራሱ ታሪክ ነው።

ለሰብሳቢ አንድ ወጥመድ አለ። 1936 የሚለው ዓመት በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ አልተለወጠም። በ1950ዎቹ የተመታውም 1936 ይላል፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ሳንቲም እስኪያወጣ ድረስ እንዲያው ቀጠለ። ስለዚህ «ሳንቲሜ ከነጻነት ማግስት ጀምሮ ነው» ለማለት ዓመቱ ብቻ አይበቃም።

የእንግሊዙ ግን ዓመቱን በየጊዜው ይለውጥ ነበር፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። አንድ አባት «ይህን ሳንቲም አባቴ ከጎንደር ጦርነት ያመጣው ነው» ቢሉኝ መጀመሪያ ዓመቱን አያለሁ። እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከሆነ፣ በተለይም የቦምቤዩ አይ ካለበት፣ ቃላቸውና ሳንቲሙ ይስማማሉ። የንጉሡ ማዕረግ ላይ «የሕንድ ንጉሠ ነገሥት» የሚለው ከጠፋ ሕንድ በ1947 እ.ኤ.አ. ነጻ ከወጣች በኋላ የተመታ ነው፤ ከጎንደር ጦርነት የመጣ ሊሆን አይችልም። የንግሥት ኤልሳቤጥ ስም ካለበት ደግሞ ከሞያሌ ንግድ ወይም ከኦጋዴንና ከሐውድ መጥቶ ይሆናል፤ ሐውድ እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ድረስ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበርና። አባትየው ዋሹ ማለት አይደለም። ሁለት ታሪክ በአንድ ሙዳይ ውስጥ ተገናኝቷል ማለት ነው።

ወደ አሰባሰቡ ልግባ። ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ለዚህ አገር ሰብሳቢ ትክክለኛው ጥያቄ «ከማን ቤት ወጣ?» የሚለው ነው። ለንደን ላይ አንድ ሰው ሙሉውን የምሥራቅ አፍሪካ ስብስብ ከነአጨራረሱ በአንድ ቀን ሊገዛ ይችላል፤ እኛ አቅሙ የለንም፣ ጥቅሙም አነስተኛ ነው። እርሱ የሌለው እኛ ያለን ነገር አለ። ይህ ሳንቲም እስቴ ወይም ፎገራ ወይም እብናት ከየትኛው ቤት፣ በማን እጅ፣ በምን ምክንያት እንደቆየ የሚናገር ሰው አለን። ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይኖርም።

ሴት አያቶችን ጠይቁ። ሳንቲም በወንዱ ኪስ አይቆይም፤ በሴቷ ሙዳይ ነው የሚቆየው። ማርትሬዛዎቹ አብዛኞቹ በአንጥረኛ እሳት አልፈው ድሪና መስቀል ሆነዋል። ነሐሱ ለጌጥ ብዙ አይፈለግም፤ ባለ ቀዳዳው ግን ለክር ስለሚመች በልጅ አንገት ከክታብ ጋር ታስሮ ሊገኝ ይችላል። ገመዱን አትፍቱት። እንደ ታሰረ ፎቶ አንሱት።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ጽዳቱ ነው። ሰው እንግዳ መጣ ብሎ ሳንቲሙን በሎሚና በአመድ ፈትጎ፣ እንደ ወርቅ አንጸባርቆ ያቀርባል። ቡናማው ቆዳ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ነሐሱ ዕድሜውን በሙሉ ከአየር ጋር የሠራው መከላከያ ነው። በሎሚ ሲነሣ ጥቃቅኑ ፊደል፣ ያ አይና ኤስ ኤ፣ አብሮ ይደበዝዛል። አፈር ካለበት በንጹሕ ውኃ ለቅልቆ በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ፈካ ያለ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁበት ግን ያ የነሐስ ሕመም ነው፤ ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የደብረ ታቦር ክረምት እርጥብ ነው። ሽታ ባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አታድርጉት፤ ተራ የወረቀት ፖስታ ይሻላል፤ ወረቀቱ ላይም መጻፍ ይቻላል።

ሳንቲሙን ከፖስታው ስታወጡ በጠርዙ ያዙት። ፖስታው ላይ ቤቱን፣ ቀበሌውን፣ የሰጪውን ፈቃድ፣ የተናገሩትን ቃል በቃል፣ የተጻፈበትን ቀን ጻፉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ሚዛንና ማስመሪያ ካለ ክብደቱንና ስፋቱን ጨምሩበት፤ በርካሽ ብረት የተሠራ ሐሰተኛ ማርትሬዛ በየገበያው ስላለ ሚዛን ብዙ ነገር ይነግራል።

የአክሱምን ሳንቲም በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ነገሥታቱ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አስመትተዋል። ከነሐሶቹ አንዳንዶቹ ላይ ጥቂት ወርቅ ተለብጦባቸዋል፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በዘመኑ ከሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። እንዲህ ያለ ነገር በማረሻ ቢወጣላችሁ የግል ስብስብ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። አክሱምና አዲስ አበባ ላይ ለቱሪስት የሚሸጠው አብዛኛው ደግሞ ትናንት የተቀለጠ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምሰጣችሁ ሥራ ይህ ነው። በዚህ ክረምት እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ አንድ ሙዳይ በፈቃድ አስከፍቱ። ባለ ቀዳዳ ነሐስ ካገኛችሁ ዓመቱንና ፊደሉን አንብቡ፤ ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ ጻፉ፤ ሳንቲሙን ግን ለባለቤቱ መልሱ። ማስታወሻችሁን ለታሪክ መምህራችሁ ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።

እናንተ አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ ሴባስቶፖልን ባቀለጠ መሬት ላይ ቆሜ ይህን ልለምናችሁ። ብረታ ብረት ገዢው መጥቶ መዳብና ነሐስ በኪሎ ሲጠይቃችሁ ሳንቲሙን ከድስቱና ከምጣዱ ለዩልኝ። በሚዛኑ ላይ ሁሉም አንድ ዋጋ ነው፤ እቶን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ዓመቱን የሚያነብ የለም።